ምራቂና ሌላ መደብ

ማስተማሩን ከተውኩ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሾላ ገበያ መሄድ የእኔ ድርሻ ሆኗል። ባለቤቴ ዘንቢሉን ታስይዘኛለች፤ የሚገዛውን በቃሌ ታስጠናኛለች፤ እኔም ሁለት ነገር ረስቼ እመለሳለሁ። ሽንኩርቱን ግን ረስቼ አላውቅም። የምገዛው ሁልጊዜ ከአንዲት እናት ነው። ማዳበሪያ ዘርግተው ሽንኩርቱን በመደብ በመደብ ይደረድሩታል። ዋጋ እንነጋገራለን፤ እከፍላለሁ፤ ሽንኩርቱ ዘንቢል ውስጥ ከገባ በኋላ ከጎናቸው ካለው ክምር ሁለት ራስ ያነሡና ‹‹ይቺ ደግሞ ምራቂ›› ብለው ይጨምሩልኛል። የሁለት ራስ ሽንኩርት ዋጋ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እኔ ግን አምስት ሌሎች ሻጮችን አልፌ እሳቸው ጋ የምሄደው ለእነዚያ ሁለት ራሶች ስል ነው።

ዓምና አንድ ቅዳሜ ከእኔ ቀድሞ የገዛ ጎልማሳ ምራቂውን ከተቀበለ በኋላ ‹‹ምነው እናቴ፣ ይመርቁልኝ እንጂ!›› አላቸው። አንድ ጨመሩለት። ‹‹አሁንም›› አለ። ሌላ ጨመሩለት። ሦስተኛ ሲጠይቅ ቀና ብለው አዩትና ‹‹ልጄ፣ ከዚህ ወዲያማ ምራቂ አይደለም፤ ሌላ መደብ ነው። ሌላ መደብ ደግሞ ዋጋ አለው›› አሉት። ሰውየው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። መንገድ ላይ ግን ሳቄ ጠፋ። እኚህ እናት በአንድ ትንፋሽ የጨረሱትን ነገር እኔ፣ ዕድሜዬን ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩት ሰውዬ፣ ለገዛ እህቴ ልጅ ገልብጬ ሳስተምራት ከርሜያለሁ።

መረቀ የሚለው ግሥ ደስ ይለኛል። ሽማግሌ ሲባርክ መረቀ ይባላል፤ ነጋዴ በሰፈረው ላይ ሲጨምርም መረቀ ይባላል። ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ከሰጪው ፈቃድ መውጣታቸው ነው። ሽማግሌን አስገድዶ ማስመረቅ አይቻልም፤ ቢቻልም ምርቃቱ አይደርስም። ይህንን ቃል ያዙልኝ፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

የእህቴ ልጅ የምትኖረው ከእኛ ጋር ነው። ሥራዋ ‹‹ኦንላይን ፍሪላንስ›› የሚሉት ነው። መሥሪያ ቤት የላትም፤ የሰዓት ፊርማ የላትም፤ አለቃዋን በዓይኗ አይታው አታውቅም። ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎቼ ባጭሩ ላስረዳ። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ ሰው ሥራ ይኖረዋል፤ ጽሑፍ ማስተርጎም፣ አርማ ማስነደፍ፣ ድምፅ ወደ ጽሑፍ ማስገልበጥ የመሳሰለ። ሥራውን እንደ አፕወርክ ወይም ፋይቨር ወዳለ የኢንተርኔት ገበያ ይወስደዋል። ከናይሮቢ፣ ከማኒላ፣ ከዳካ፣ ከአዲስ አበባ ሠራተኛ ይቀርብለታል። ገበያው የትናንት ልጅ አይደለም። ኦዴስክ የተባለው የተመሠረተው በ2003 ሲሆን ኤላንስ ከሚባለው ቀዳሚው ጋር ተዋሕዶ በ2015 አፕወርክ የሚለውን ስም ያዘ፤ ፋይቨር ደግሞ በ2010 እስራኤል ውስጥ ተጀመረ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ባለ ገበያው ከሠራተኛው ገቢ ድርሻውን ይቆርጣል፤ ለምሳሌ ፋይቨር ከ100 ዶላር 20ውን ይወስዳል። ሥራው ሲያልቅ ደንበኛው ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጣል። ይህ ኮከብ ለሠራተኛው ዲግሪውም፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤውም፣ ተያዡም ነው። ድሮ ኮከብ የሚቆጥርልን ደብተራ ነበር፤ ዛሬ ደንበኛው ሆኗል።

ወጣቱ ወደዚህ ገበያ ቢጎርፍ አይፈረድበትም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያው ወር የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ይፋ ሆነ። ላፕቶፕ ያለው ልጅ ሁሉ ዓይኑን ወደ ውጭ ደንበኛ ቢያነሣ ምን ይደንቃል?

ከገበያው ጋር አብሮ የመጣ አንድ ምክር አለ። በሥልጠናው አዳራሽ፣ በየቪዲዮው፣ በየቡና ወሬው ይደጋገማል። ‹‹ደንበኛህ ከጠየቀህ በላይ ስጠው›› ይላል። ፈረንጆቹ ለዚህ ‹‹ተጨማሪዋን ማይል መሄድ›› የሚል አባባል አላቸው፤ ምንጩም የተራራው ስብከት ነው፤ ማቴዎስ ምዕራፍ 5። በዚያ ዘመን የሮማ ወታደር መንገድ ላይ ያገኘውን የአገሬው ሰው ጓዙን ለተወሰነ ርቀት እንዲሸከምለት ማስገደድ ይችል ነበር። ክርስቶስ አንዱን ርቀት የተገደደ ሰው ሁለተኛውንም እንዲሄድ አስተማረ። ትምህርቱ ለምን እንደከበደና ለምን እንዳማረ ተማሪዎቼን ሁልጊዜ እጠይቃቸው ነበር። የመጀመሪያው ርቀት የወታደሩ ነው፤ ሁለተኛው ግን የተሸካሚው ነው። ሁለተኛዋ ላይ ሲደርስ ባሪያ የነበረው ሰው ሰጪ ይሆናል፤ ወታደሩም ግራ ይገባዋል። ነገር ግን ሁለተኛዋም በግዴታ ከሆነች፣ ወታደሩም ‹‹ትናንት ሁለት ሄደሃል፣ ዛሬ ሦስት ሂድ›› ካለ፣ ከስብከቱ ምን ተረፈ? ሸክሙ ብቻ!

ይህንን በክፍል ውስጥ አሳምሬ ያስተማርኩት ሰውዬ ቤቴ ውስጥ ምን እንዳደረግኩ ልናዘዝ።

ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 (እ.ኤ.አ.) ያወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አለ። የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ነዋሪዎች አስፈላጊ ሰነዶችን እንዲያስተረጉሙ ያዛል፤ አማርኛም ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩባቸው ሌሎች ቦታዎችም እንዲሁ የሚተረጎም ብዙ ወረቀት አለ። ይህ ሥራ በደላላ ድርጅቶች እጅ እየተቀባበለ ሄዶ ሄዶ አንዳንዴ አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ልጅ ጭን ላይ ያለ ላፕቶፕ ላይ ያርፋል። የእህቴ ልጅ ያገኘችውም እንዲህ ያለ ነው። የእናቶችና የሕፃናት ጤና በራሪ ጽሑፎች ናቸው፤ 6,000 ቃል። ሥራው የተለጠፈው ‹‹እርማት›› ተብሎ ነው፤ ማሽን ተርጉሞታል፣ አንቺ ዓይንሽን ጣል አድርጊበት ነው ነገሩ። ክፍያው 60 ዶላር፤ ያውም የባለ ገበያው ድርሻ ሳይቆረጥ።

ጉግል አማርኛን ወደ ትርጉም መሣሪያው ያስገባው በ2016 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ ወዲህ የትርጉም ማሽኖች ብዙ ተሻሽለዋል፤ ሐሰት አልናገርም። ይሁንና ያ ወረቀት ነፍሰ ጡሯን ‹‹ነፍሰ ጡር ከሆንክ›› ይላታል። ኪኒኑን ደግሞ ‹‹ጽላቱን ከምግብ በኋላ በውኃ ዋጠው›› ይላል። ሙሴ ከሲና ተራራ ተሸክሞ የወረደውን እናቲቱ ትዋጠው ማለት እኮ ነው!

ልጅቱ ስቃ ስቃ ሲያበቃ ‹‹ጋሼ፣ ይሄን ማረም አይቻልም፤ እንደ አዲስ መተርጎም አለበት። የተስማማሁት ግን ለእርማት ነው። ምን ላድርግ?›› አለችኝ። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ ‹‹ስምሽ ያለበት ሥራ ነው፤ እንደ አዲስ ተርጉሚው። ደንበኛው ልዩነቱን ያየዋል። ሥራ ራሱ ይናገራል›› አልኳት።

እስቲ ይህን ምክር እንደ አንድ ድርሰት እንየው። የመጀመሪያው ስሕተት ዓይን ያወጣ ነው፤ ደንበኛው አማርኛ አያነብም! የማያነብ ሰው ልዩነቱን እንዴት አድርጎ ያየዋል? አሥራ አንድ ሌሊት ተቀመጠች። መብራት ሲሄድ በስልኳ ብርሃን በደብተር ላይ ትጽፋለች፤ ሲመጣ ትገለብጣለች። ያማረ ትርጉም ላከች። ደንበኛው ያየው ግን ሌላ ነገር ነው። ማሽኑ ጥሩ አድርጎ ተርጉሟል፣ ልጅቱም በ60 ዶላር አጣርታ መልሳለች፤ ይኸው ነው የታየው። አምስት ኮከብና አንድ መስመር ምስጋና ሰጣት። ቡና አፈላን። ሁለተኛው ሥራ በወሩ መጣ፤ 9,000 ቃል፣ 80 ዶላር፣ ‹‹እንዳለፈው ጊዜ›› ከሚል ማስታወሻ ጋር። ሰውየው ላይ ልፈርድ አልችልም። የሥራውን ትክክለኛ ዋጋ የደበቅነው እኛ ነን። ሳይነገር የተሰጠ ምራቂ ዋጋውን ይዋሻል፤ ሽንኩርት ሻጯ ግን ‹‹ይቺ ምራቂ›› ብለው በስሟ ጠርተው ነው የሚሰጡት።

ሁለተኛውን ስሕተት ለማየት ወደ ኋላ ልመለስ። ከሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሦስት ሳምንት ገደማ ተዘግቶ ነበር። ልጅቱ ያኔ ጀማሪ ነበረች፤ አንድ ደንበኛ ብቻ ነበራት። መስመሩ ሲከፈት ከደንበኛዋ አራት መልእክት ጠበቃት፤ የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ሁለተኛው ጭንቀት፣ ሦስተኛው ቁጣ፣ አራተኛው ስንብት። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም ደንበኛ የምትጨምረው ነገር ሁሉ ካሣ ይመስለኛል። ‹‹ከዚያ አገር ናት፣ ልትጠፋ ትችላለች›› እንዳይሏት ነው። የአገሯን ዕዳ በራሷ እንቅልፍ ትከፍላለች። እኔ ይህንን ጨዋነት ነው ብዬ አደንቅ ነበር። ለካስ ፍርሃት ኖሯል። ከፍርሃት የሚሰጥ ነገር በአማርኛችን ስሙ ምራቂ አይደለም፤ ግብር ነው።

ሕግ የለም አይባልም። አፕወርክ ለምሳሌ ደንበኛ ነፃ ሥራ እንዳይጠይቅ፣ የሚሰጠውንም ምዘና ማስፈራሪያ እንዳያደርገው በደንቡ ከልክሏል። ደንቡ መውጣቱ ራሱ በሽታው መኖሩን ይነግረናል። ግን ማንም ሳይጠይቀው፣ ማንም ሳያስፈራራው፣ በልቡ ያለውን ኮከብ እየፈራ የሚጨምረውን ሰው የትኛው ደንብ ይደርስለታል?

ሦስተኛው ሥራ ላይ ነገሩ ፈነዳ። የቀኑ ብዛት አጥሯል፤ ቃሉ በዝቷል፤ ልጅቱ ከስታለች። አንድ ሌሊት፣ ሥራው ከተላከ በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሬን አንኳኳች። ፊቷ አመድ መስሏል። ‹‹ጋሼ፣ አንድ ነገር አበላሽቻለሁ›› አለችኝ። ለሕፃን የሚሰጥ መድኃኒት ‹‹በየ8 ሰዓቱ›› መሆን ሲገባው ‹‹በ8 ሰዓት›› ብላ ጽፋዋለች። ሁለት ፊደል ናት የጎደለችው። አንዲት እናት ግን ያንን አንብባ በቀን ሦስት ጊዜ የምትሰጠውን መድኃኒት ከምሳ በኋላ አንዴ ብቻ ልትሰጥ ትችላለች። ማሽኑ ያልሠራውን ስሕተት ነው በድካም የሠራችው። ምራቂ እየጨመርን ቁናውን አጎደልነው።

ማንም አልደረሰባትም ነበር። አማርኛ የሚያነብ ሰው እዚያ የለም፤ ወረቀቱ ታትሞ ይሰራጭ ነበር። እሷ ግን በዚያው ሌሊት ‹‹ስሕተት አለ፤ ስሕተቱ የእኔ ነው፤ ሳይታተም ይህ መስመር ይለወጥ›› ብላ ጻፈች። መስመሩ ተለወጠ። ደንበኛው ደግሞ ሦስት ኮከብ ሰጣት፤ ምክንያቱንም ‹‹ስሕተት ነበረው›› ብሎ ጻፈ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ። በእነዚያ ወራት ካደረገችው ሁሉ ከልብ የሆነው፣ ለአንዲት የማታውቃት እናት የሚጠቅመው፣ የተራራውን ስብከት የሚመስለው ያ ደብዳቤ ነው። አምስት ኮከብ ያመጣላት ከአቅሟ በላይ መሥራቷ ነው፤ ኮከብ ያሳጣት ደግሞ ታማኝነቷ ነው። እንግዲህ ኮከቡን እየተከተልን ‹‹ከተጠየቅከው በላይ ስጥ›› ስንል ለልጆቻችን የምናስተምራቸው የቱን ነው? የሚታየውን መጨመር ነው ወይስ የሚያስፈልገውን?

አንባቢዬ ‹‹እንግዲያው ለደንበኛ ምንም አንጨምር ነው የምትለው?›› ይለኝ ይሆናል። አላልኩም። እንዲያውም የራሳችንን ጉድ ልንገራችሁ። እኛ ምራቂ የማንነፍግ፣ ልኩን ግን የማንሞላ ሰዎች ነን። ልብስ ሰፊው ከተረፈው ጨርቅ መሐረብ ሠርቶ በነፃ ይሰጣል፤ ሱፉ ግን የሚደርሰው ከሰርጉ በኋላ ነው። አናጢው ‹‹ለአንተማ መሳቢያ እጨምርልሃለሁ›› ይላል፤ አልጋውን ግን ‹‹ነገ›› እንዳለ ፋሲካ ይደርሳል፤ ስልኩም አይነሣም። ኢንተርኔት ላይም ያንኑ ይዘን የወጣን አንጠፋም። የሥራውን ዝርዝር ሳያነብ ‹‹እችላለሁ›› የሚል፣ ማሽን የተረጎመውን እንዳለ ልኮ ‹‹አርማ በነፃ እሠራልሃለሁ›› የሚል አለ። ይህ በጎደለ ቁና ላይ ሁለት እፍኝ መቆለል ነው። ደንበኛ መጀመሪያ የሚፈልገው በቀኑ መድረስ፣ ያልገባህን ሳይረፍድ መጠየቅ፣ ልትዘገይ ከሆነ ቀድመህ መናገር ነው። እነዚህ ምራቂ አይደሉም፤ ልኩ ናቸው። ብዙዎቻችን ልኩን ብቻ ብንሞላ ሰው ‹‹እንዴት መረቁልኝ!›› ይለን ነበር።

ሽንኩርት ሻጯ ‹‹ሌላ መደብ›› ያሉት ከዚያ ሌሊት በኋላ ባለው ቅዳሜ ነው። ቤት እንደገባሁ ዘንቢሉን እንደያዝኩ ልጅቱ ክፍል ሄድኩ። ‹‹ለሰውየው ደብዳቤ እንጻፍ›› አልኳት። ረቂቁን እሷ ጻፈችው፤ እኔ እንደ ልማዴ ቀይ እስክሪብቶ አነሣሁ። በአንድ ገጽ ውስጥ ሰባት ቦታ ይቅርታ ጠይቃለች። ስድስቱን ሰረዝኩ። አንዷን ተውኳት፤ የመድኃኒቱ ሰዓት ነበረች።

ደብዳቤው ሦስት ነገር ይዟል። አንደኛ፣ ማሽኑ ከሠራው አምስት ዓረፍተ ነገር፣ ከጎኑ የእርሷ ትርጉም፣ ከሥሩ ደግሞ ማሽኑ ያለው ነገር በእንግሊዝኛ ሲፈታ ምን እንደሆነ፤ ጽላቱም እዚያው አለ። ሁለተኛ፣ እርማት ይህን ያህል፣ እንደ አዲስ መተርጎም ይህን ያህል፣ ምርጫው የእርስዎ ነው የሚል። ሦስተኛ፣ የመድኃኒት መጠንና ሰዓት ሁሉ ሁለት ጊዜ እንደሚመረመርና ይህም በዋጋው ውስጥ እንዳለ። ደንበኛው የሠራነውን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ አየው ማለት ይቻላል።

መልሱ በአምስተኛው ቀን መጣ። ‹‹በጀታችን አይፈቅድም፤ እናመሰግናለን›› ይላል። በቃ። ልጅቱ ሦስት ኮከቧን ይዛ ቀረች፤ ሁለት ወር ገቢዋ ከግማሽ በታች ወረደ። በእነዚያ ወራት ማዕድ ላይ ስንገናኝ ዓይኗን ማየት ይከብደኝ ነበር። ምክር ርካሽ ነው፤ ዋጋው የሚከፈለው በሌላ ሰው ኪስ ነውና። ‹‹ጋሼ፣ ተሳስተን ይሆን?›› ስትለኝ ‹‹አይመስለኝም›› አልኩ፤ እርግጠኛ ግን አልነበርኩም።

በኋላ ሌላ ደንበኛ መጣ። ያነሰ ሥራ ነው፤ ግን ትርጉም ተብሎ የተለጠፈ፣ እንደ ትርጉም የሚከፈል። ሥራውን በቀኑ ጨርሳ ከላከች በኋላ አንዲት ገጽ ጨመረች። አስቸጋሪ ቃላትን ለምን እንዲያ እንደተረጎመቻቸው የሚያስረዳ ዝርዝር ነው፤ ኪኒን ያለችበት ምክንያት፣ እናቲቱን ‹‹አንቺ›› ሳይሆን ‹‹እርስዎ›› ያለችበት ምክንያት። ከላይም ‹‹ይህ ከስምምነታችን ውጭ ነው፤ ለሚቀጥለው ሥራችሁ ይጠቅማችሁ ብዬ ነው›› ብላ ጻፈች። አንድ ሰዓት ነው የፈጀባት። እንቅልፏን አልነካባትም። ደንበኛው ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተመልሷል።

ባለፈው ቅዳሜ ይዣት ሾላ ሄድኩ። ሽንኩርት ሻጯ አዩዋትና ‹‹ልጅዎ ናት?›› አሉኝ። ‹‹የእህቴ ልጅ ናት›› አልኩ።

‹‹ምን ትሠሪያለሽ ልጄ?››

‹‹እተረጉማለሁ እማማ፤ ውጭ አገር ላሉ ሰዎች።››

‹‹ይከፍሉሻል?››

‹‹አሁን ይከፍሉኛል።››

‹‹እንግዲያው መርቂላቸው›› አሉና ሁለት ራስ ሽንኩርት አንሥተው ዘንቢላችን ውስጥ ጨመሩ።